ሱሉልታ ላይ የኤሲ ቫኪዩም መለኪያ የት መድረስ አለበት?

ጤና ይስጥልኝ፤ የማቀዝቀዣ ሥራ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ እርዱኝ። የሱሉልታ ብርድ እናቴን ጉልበታቸውን ስላሠቃያቸው ሙቀትም ቅዝቃዜም የሚሰጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ራሴ እየገጠምኩላቸው ነው። የኤሲውን የውስጥም የውጪም አካል ሰቅያለሁ፣ የመዳብ ቱቦዎቹን አገናኝቼ ዳዶዎቹን አጥብቄያለሁ፤ የኤሌክትሪኩን መስመር ባለሙያ ዘርግቶልኛል።

የቸገረኝ አየሩን ከቱቦው ማውጣቱ ነው። የተከራየሁት ቫኪዩም ፓምፕ ምንም ያህል ቢሠራ የመለኪያው መርፌ ከዜሮ በታች 0.75 ባር ገደማ ላይ ይቆማል። መመሪያው ግን ከዜሮ በታች ወደ 1 ባር መውረድ አለበት ይላል። ቫልቩን ዘግቼ ሳሳድረው መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ስለዚህ የሚያፈስ አይመስለኝም። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል ላለ ሰው ይሆናል፤ እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ራሱ ወደ 0.75 ባር ስለሆነ መርፌው ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ የለውም። ልክ ነኝ?

የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው። ትንሽ ቢቀር ይህ መርፌ አያሳየኝም፤ ከኮምፕረሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር) ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ግን ያበላሸዋል። ቫኪዩሙን በማይክሮን (በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ) የሚለካ መሣሪያ የሚያከራይ ታውቃላችሁ? ካልተገኘ፣ ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቼ እያስወጣሁ ቫኪዩሙን ብደጋግመው ይበቃል? መልሳችሁን ሳላገኝ የጋዙን ቫልቭ አልከፍትም።