ውሻችን ዝም አለ፣ ትንሹ አውራ ዶሮ ደግሞ መጮኽ ጀመረ

ጠያቂ፣ ከካዛንቺስ፦
ከጀርባችን ያሉት ቤቶች ፈርሰው ጎረቤቶቻችን ከተነሡ ወዲህ በግቢያችን ሁለት ነገር ተለውጧል። በር በተንኳኳ ቁጥር ይጮኽ የነበረው የዘጠኝ ዓመት ውሻችን አሁን ኮንክሪት መስበሪያው ሥራ ሲጀምር ማድቤት ገብቶ ይተኛል፤ ስጠራውም ዘወር የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ለዓመት በዓሉ ትልቁን አውራ ዶሮ ካረድን በኋላ ደግሞ ድምፁ እምብዛም የማይሰማው ትንሹ፣ ንጋት ላይ ቀድሞ ይጮኽ ጀምሯል። ውሻው ደንቁሮ ይሆን ወይስ ተጨንቆ?

መልስ፣ የእንስሳት ሐኪም፦
የዶሮው ነገር ቀላል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ አብረው ከሚኖሩ አውራ ዶሮዎች መካከል ንጋት ላይ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ሲሆን፣ ሌሎቹ እንደየደረጃቸው ተራ ጠብቀው ይከተሉታል፤ አለቃው ከመካከላቸው ሲወሰድ ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። የእናንተ አለቃ ወጥ ሆኗልና ወራሹ ሥራውን ተረክቧል።

ውሻው ግን መፈተሽ አለበት፤ የፈራም ሆነ የደነቆረ ውሻ ሲጠሩት ዝም ሊል ይችላል። ተኝቶ ሳለ፣ ሳያይዎትና የእግርዎ ንዝረት ሳይደርሰው፣ ከኋላው የቁልፍ ዘለላ ያንቃጭሉ፤ የፈራ ውሻ ባይነሣ እንኳ ጆሮውን ያንቀሳቅሳል።

መልስ፣ ሌላ አባል፦
በሐኪሙ ምክር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮውን ማንቀሳቀሱ ብቻ ጤነኛ ነው አያሰኝም፤ በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ውሻ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋልና በቀኝም በግራም ይሞክሩት። በዶሮ ውስጠኛ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት በኃይለኛ ጩኸት ቢሞቱም መልሰው እንደሚበቅሉ እ.ኤ.አ. በ1988 ታውቋል፤ የውሻና የሰው ግን አይተኩም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ያንኑ ማሽን ቢሰሙም፣ ለዘለቄታው የሚጎዳው ውሻው ነው። ማድቤት መግባቱን እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት፤ ከዚያም አያስወጡት። መጮኹን መተዉ ደግሞ የግድ ከጆሮ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ውሻ ውሻን ሰምቶ ነው የሚጮኸው፣ የጎረቤት ውሾችም ከባለቤቶቻቸው ጋር ሄደው ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ የጎረቤቶቻችን ሦስት ውሾች አብረዋቸው ሄደዋል። ትናንት ማታ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ሞከርኩት። በግራው ሳንቃጭል ወዲያው ቀና ብሎ አየኝ፤ በቀኙ ሳንቃጭል ግን ተነሥቶ በግራ በኩል ያለውን ግድግዳ ሲመለከት ቆየ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ነገ ጠዋት ለምርመራ እወስደዋለሁ።