ኒውትሪኖ ፍለጋ ቴሌስኮፕን ወደ ባሕር ማዞር ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦
በስፔኗ ላ ፓልማ ደሴት የሚገኙት የማጂክ ቴሌስኮፖች፣ የተሠሩት ከጋማ ጨረር የሚመነጨውን ብርሃን ለማየት ሆኖ ሳለ፣ ኒውትሪኖ (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይጋጭ ጥቃቅን ቅንጣት) ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዞረው እንደነበር አነበብኩ። አይስኪዩብ የተሰኘው የኒውትሪኖ መመልከቻ ለዚሁ ሥራ በደቡብ ዋልታ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ በረዶ አስፈልጎታል። ታዲያ መስታወት ብቻ ያለው መሣሪያ ምን ሊይዝ ይችላል? ወደ ታች ማየቱስ ለምን አስፈለገ?

መልስ 1፦
እዚህ ላይ የበረዶውን ቦታ የሚተካው የምድር ቅርፊት ነው፤ ቴሌስኮፑ ውጤቱን ብቻ ይመለከታል። ኃይሉ ከ1 ፔታ ኤሌክትሮን ቮልት (ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት) እየበለጠ የሚሄድ ኒውትሪኖ ምድርን በመሐል ሰንጥቆ ማለፍ እየተሳነው ይመጣል፤ ጠርዟን ታክኮ የሚያልፈው ግን ከዐለቱ ወይም ከውሃው ጋር ተጋጭቶ፣ ከሦስቱ የኒውትሪኖ ዓይነቶች ታው ኒውትሪኖ የሚባለው ከሆነ፣ ታው የተባለውን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ሊፈጥር ይችላል። ታው በ1 ፔታ ኤሌክትሮን ቮልት ከመፍረሱ በፊት በአማካይ 50 ሜትር ያህል፣ በ100 ፔታ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ወደ አየር ወጥቶ ሲፈርስ የቅንጣቶች ዶፍ ያስነሣል፤ ካሜራውም የዶፉን የቼረንኮቭ ብርሃን (ቅንጣቶች በአየር ውስጥ ከብርሃን ፈጥነው ሲሮጡ የሚፈነጥቁትን) ለጥቂት ናኖ ሰከንድ ብልጭ ሲል ይይዘዋል። ከሌሎቹ የኒውትሪኖ ዓይነቶች የሚፈጠረው ኤሌክትሮን ቢሆን እዚያው ዐለቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው የኤሌክትሮን ዘመድ ሙዮንም ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርስ ያልፋል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የኮስሚክ ጨረር (ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች) ዶፍስ ከዚህ ጋር አይምታታም?

መልስ 2፦
ወደ ታች የሚታየው በዋነኛነት ለዚሁ ነው። ቴሌስኮፖቹ ያሉት 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ የባሕሩ አድማስ ከአግድም መስመር 1.5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በታች የሚመጣውን ኮስሚክ ጨረር ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። የማጂክ ቡድን በ2018 ባወጣው ጽሑፍ 30 ሰዓት ያህል መረጃ መርምሮ ኒውትሪኖ አላገኘም፤ የፍሰቱን የላይኛ ገደብ፣ ማለትም ኒውትሪኖዎቹ ቢበዙ ምን ያህል ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ግን አስቀምጧል።

በእኔ ግምት ዋናው እንቅፋት የእይታው ጥበት ነው። የቼረንኮቭ ብርሃን በአየር ውስጥ የሚሰራጨው በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ዶፉ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ካላቀና ደብዝዞ ያልፋል፤ የማጂክ ካሜራ ደግሞ 3.5 ዲግሪ ብቻ ያያል፣ ያውም ጨለማ በሆኑ ሌሊቶች። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ፍሪስኮ ፒክ ተራራ ላይ የሙከራ ቴሌስኮፕ የተከለው ትሪኒቲ የተሰኘው ፕሮጀክት አድማሱን በስፋት ለማየት የታቀደው በዚህ ምክንያት ነው። ለማጂክ ዓይነቶቹ የሚበጃቸው፣ ድንገት የደመቀ የታወቀ ምንጭ ከአድማሱ በታች በሚያልፍበት ሰዓት ብቻ ወደዚያው መዞር ይመስለኛል።