እህቴ ደህና እያለች ለክፉ ቀን ምን እናዘጋጅ? (ቨርጂኒያ)

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ታናሽ እህቴ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚያስፈነጥዝና የሚያወርድ የአእምሮ ሕመም) አለባት። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ሥራም ገብታለች። አምና ግን እንቅልፍ አጣች፤ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ብር መላክ ጀመረች። ኢመርጀንሲ ስንወስዳት «ያለ እሷ ፈቃድ ምንም አንነግርሽም» አሉኝ። በፊት አንገቷን ያጣመመባትን መርፌም ደግመው ወጓት። ይህ እንዳይደገም ምን ይሻላል?

የሕግ ቢሮ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ የሚባል ወረቀት አለ፤ ሰው ደህና እያለ «ራሴ መወሰን ሲያቅተኝ እንዲህ አክሙኝ» ብሎ አስቀድሞ የሚጽፍበት ነው። ብዙ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ላለ ታማሚ ብቻ ይመስለዋል። በቨርጂኒያ ለአእምሮ ሕክምናም ይሠራል። ሁለት ምስክሮች ፊት ትፈርማለች፤ ከ18 ዓመት በላይ ይሁኑ እንጂ ዘመድም ይሆናል። ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ግዴታ አይደለም። ወኪልም ትሰይማለች፤ ሐኪሞች «አሁን በራሷ መወሰን አትችልም» ሲሉ ወኪሏ ይወስንላታል።
«ሲብስብኝ እምቢ ብልም ሆስፒታል አስተኙኝ» ማለት ከፈለገች ግን፣ የምትፈርመው ገብቷት መሆኑን ሐኪሟ ወይም ሳይኮሎጂስቷ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ያኔ ወኪሏ እስከ 10 ቀን ሊያስተኛት ይችላል። ፍርድ ቤት በግድ እንድትተኛ ካዘዘ ግን ወረቀቱ አያስቀረውም።

ነርስ ነኝ፦
«መርፌ አይስማማኝም» ብላ እንዳታልፈው። ስሙን ከሐኪሟ ትጠይቅ። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከሆነ «ሃሎፔሪዶል አንገቴን ያጣምመዋል» ብላ በእንግሊዝኛ ትጻፍ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የሚያነበው እንዲህ ያለውን ነው።
ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ እሱም በጉልህ ይጻፍ። ሰው ሲብስበት መብላት መጠጣት ይረሳል፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ደግሞ ሊቲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ይመርዛል። ከጾም በፊትም ሐኪሟን ታማክር። ጸበል የምትሄድ ከሆነ «መድኃኒቴ አይቋረጥ» የሚለውን እናታችሁም ትስማው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ባይፖላር ያለብኝ፦
እባክሽ እሷ ትጻፈው። አንቺ ቡና አፍልተሽ አጠገቧ ተቀመጪ፣ እስክሪብቶው ግን እሷ እጅ ይሁን። እኔ «ወንድሜ ብቻ ይግባ፤ ሌላ ጠያቂ አልፈልግም» ብያለሁ። የባንክ ካርዴን ማን እንደሚይዝ፣ ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ መሥሪያ ቤቴ ማን እንደሚደውልም ጽፌበታለሁ። ማን እንዳይሰማ የሚለውንም አትርሱ። ወሬው እድር ቤት ድረስ ከሄደ ሰው ድኖም መመለስ ያፍራል።

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦
እናንተ ሰዎች፣ ኑሩልኝ። በሌሊት ቢነሳባትስ ወረቀቱን ከየት እናምጣ?

የሕግ ቢሮ ሠራተኛ፦
አንድ ቅጂ ለሐኪሟ፣ አንድ ለሆስፒታሉ ፋይል፣ ፎቶው አንቺም እሷም ስልክ ላይ። «ከእህቴ ጋር ተነጋገሩ» የሚለውን የፈቃድ ፎርም ክሊኒኳ አሁኑኑ ያስፈርማት። ሌሊት ከሆነ 988 (የአእምሮ ጭንቀት እርዳታ ስልክ) ደውሉና «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 911 ደውሉ፤ የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ መሣሪያ ካልያዘች አለመያዟን ንገሩና የሲአይቲ ሥልጠና (የአእምሮ ሕመም የተነሳበትን ሰው አያያዝ) ያለው ፖሊስ እንዲላክ ጠይቁ።