ግቢያችን የወደቀችው ዳክዬ እግሯ ተሰብሯል፣ በምን ልሰርላት?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ደሴዎች ድረሱልኝ! ማታ በዚያ ዝናብ ትንሽ ዳክዬ ግቢያችን ወድቃ አደረች። መቆም አቅቷት በደረቷ ትንፏቀቃለች። ድመታችን ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ስልኬ ፎቶዋን አይቶ የእስያ ወፍ ነች አለኝ። ግን ስልኩ ያሳየኝ ዓይኗ ቢጫ ነው፣ የኔዋ ቀላ ያለ ቡኒ።

የጦሳ ጎረቤት፦ በሽንኩርትና በበርበሬ እሰሪያት። ቀልዴን ነው!

ሰኞ ገበያ፦ በስስ እንጨት ደግፈሽ በጨርቅ እሰሪው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ዳክዬ ጠፍጣፋ ምንቃር አለው። የእግሩ ጣቶችም በቆዳ የተያያዙ ናቸው። ያንቺዋ ምንቃሯ ሹል አይደለም? ጣቶቿስ እንደ ቅጠል ለየብቻ የሰፉ አይደሉም? በኛ ጊዜ ተማሪ መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ሹል ነው ጋሼ። ጉንጯና አንገቷ የሸክላ ቀለም፣ ምንቃሯ ሥር ቢጫ ነጥብ አለ። እግሯስ?

የሐይቅ ልጅ፦ አብሽሪ፣ እንዳታስሪያት! ትንሿ ግሪብ ነች፣ ጠላቂዋ የውሃ ወፍ። እግሯ የበቀለው ወደ ጭራዋ ስለሆነ የብስ ላይ ደህናዋም በወጉ አትቆምም። ለመነሳትም ውሃ ላይ መንደርደር አለባት። ሌሊት ሲበሩ እርጥብ ቆርቆሮና አስፋልት ሲያብረቀርቅ ውሃ መስሏቸው ያርፋሉ። ደም ካለ ወይም እግሯ ከተንጠለጠለ ግን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ኮምቦልቻ፦ ጥቁር አንገቱ ግሪብስ ቢሆን? እሱም ዓይኑ ቀይ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ የሱ ዓይን ፍም ነው፣ ምንቃሩም ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ቀና ይላል። ቢጫዋ ነጥብ የለችውም። ስልኩን ያሳሳተው ዝርያዋ ከአፍሪካና ከአውሮፓ እስከ እስያ መሰራጨቱ ነው፤ የሩቅ ምሥራቋ ዓይኗ ቢጫ፣ የአፍሪካዋና የአውሮፓዋ ቀላ ያለ ቡኒ። የኛዋ ክንፏ ላይ ነጩ ከአውሮፓዋ ይበዛል። ግን ለማየት ብለሽ ክንፏን እንዳትጎትቺ።

ሰኞ ገበያ፦ እንጀራ በወተት ስጫት፣ እግሩንም እሰሪው።

የሐይቅ ልጅ፦ ኧረ በአላህ! ምንም አትስጫት። ክዳኑን የበሳሽው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጫት። ስትይዣት ከፊትሽ አርቂያት፣ ዓይን ትወጋለች። ቦርከና ወንዝ ዛሬ ሞልቷል፣ እዚያ እንዳትለቂያት። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቁ ዳር ውሃው ላይ ልቀቂያት።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ካርቶን ገብታለች። ሚኒባሱ ወፍ ያስገባል?

የጦሳ ጎረቤት፦ ለበዓል ስንት ዶሮ ይጫን የለ እንዴ! ብቻ የሷንም ሒሳብ እንዳይጠይቁሽ።

የሐይቅ ልጅ፦ የቧንቧ ውሃዋ፣ ደረስሽ?

ኮምቦልቻ፦ ሁለት ቀን ሆነ እኮ። ምን ሆነች?

ሰኞ ገበያ፦ ብታስረው ኖሮ ይሄኔ ድኗል።