ኤፍኤስታብ «ትርፍ ድካም» ነው? (ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በጅማ ሰፈሮቻቸው ነው።)

የቦሳው፦ ዋናው ኮምፒውተርና ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ያለው ሊኑክስ የሚጋሩትን ፎልደር ስለመጫን ትናንት እዚህ የተለጠፈው መመሪያ አናዶኛል። «ቨርቹዋልቦክስ ላይ አውቶማውንትን ምረጡ፤ ኤፍኤስታብ መነካካት ትርፍ ድካም ነው» ይላል። ኤፍኤስታብ እኮ ሊኑክስ ሲነሳ ምን የት እንደሚጫን የሚዘረዘርበት ፋይል ነው። አውቶማውንት ግን ፎልደሩን በራሱ ጭኖ ሚዲያ ስር፣ ስሙ ላይ ኤስኤፍ ጨምሮ ያስቀምጠዋል፤ ባለቤቱ ሩት (የማሽኑ አስተዳዳሪ)፣ ግሩፑ ቪቦክስኤስኤፍ። ተማሪው ሊከፍተው ሲል ፈቃድ የለህም ይባላል። ከዚያስ?

የጅሬኗ፦ ከዚያማ ዩዘሩን ቪቦክስኤስኤፍ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ነው። ዩዘርሞድ (ተርሚናል ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ)፣ ትንሿ ኤ ከትልቋ ጂ ጋር፣ ወጥቶ መግባት፣ አለቀ። ትርፍ ድካም መባሉ ልክ ነው።

የሂርማታው፦ ትንሿ ኤ ከተረሳች የሚመጣውንም ንገሪያቸው እንጂ! ዩዘሩ ከነበረባቸው ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ይወጣል፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚሰጠው ሱዶም ጭምር።

የቦሳው፦ ኤፍኤስታብ ላይ አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ትርፍ ድካም ይሆናል? የሼሩ (የተጋራው ፎልደር) ስም፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ቪቦክስኤስኤፍ (እዚህ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት)፣ ዩአይዲ 1000፣ ጂአይዲ 1000 (የዩዘሩና የግሩፑ ቁጥር)፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ዜሮ። ፎልደሩ በራስሽ ስም፣ በመረጥሽው ቦታ ይገኛል።

የጅሬኗ፦ ኖፌልን (ፎልደሩ ባይጫንም ማሽኑ መነሳቱን ይቀጥል የምትለውን ቃል) ዘለልካት! ሼሩ ከጠፋ ወይም ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ታድሶ ፎልደሩን የሚያስነብበው ሞጁል አልጫን ካለ ማሽኑ ኢመርጀንሲ ሞድ (የጥገና ሁኔታ) ላይ ይቆማል። እዚህ ጅማ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተር ላብ ውስጥ እየዞረ የሚያስነሳው ማን ነው?

የቦሳው፦ ኖፌል ትግባ፣ እቀበላለሁ። ኤክስ ሲስተምዲ አውቶማውንት የምትባለው አማራጭም ትጨመር፤ ያኔ ፎልደሩ የሚጫነው ሲከፈት ብቻ ነው። ይህ ግን መስመሩን ትርፍ አያደርገውም።

የአጂፑ፦ ከርነል 5.6 ከወጣ ጀምሮ የቪቦክስኤስኤፍ ሞጁል ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። የገስት አዲሽንስ (ውስጠኛው ሊኑክስ ላይ የሚጫነው የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ) ጭቅጭቅ አርጅቷል።

የጅሬኗ፦ አላረጀም። ሞጁሉ ቢኖርም አውቶማውንቱን የሚሠራው ቪቦክስሰርቪስ ነው፤ እሱ ደግሞ የገስት አዲሽንስ አካል ነው።

የቦሳው፦ ይኸው፣ ራስሽ መሰከርሽ! ኤፍኤስታብ ቪቦክስሰርቪስን አይጠብቅም። ሞጁሉ ካለ ይበቃዋል።

የሂርማታው፦ በሁለቱም መንገድ ቢሆን ፎልደሩ ላይ ሲኤችሞድ (የፈቃድ መቀየሪያው ትእዛዝ) አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ፈቃዱ የሚወሰነው ሲጫን፣ በዲሞድና በኤፍሞድ (በፎልደርና በፋይል ፈቃድ አማራጮች) ነው። የፓይተን ቨንቭም (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚለይ የፓይተን ፎልደር) እዚያ አትፍጠሩ፤ ቨርቹዋልቦክስ ካልፈቀዱለት ቨንቭ የሚፈልገውን ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) መፍጠር ይከለክላል።

የጅሬኗ፦ ስለ ቨንቭ ማን ጠየቀ? መመሪያው የተጻፈው ተርሚናል ከፍቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ለእሱ ያ መስመር ትርፍ ድካም ነው።

የቦሳው፦ ዩዘርሞድን ታዲያ የት ሊጽፈው ነው?