የቡዳፔስቱ ትንሽ የነሐስ ፈረስ በሊዮናርዶ ስም ሊጠራ ይገባልን?

አወያይ፦ በቡዳፔስት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለውን፣ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፈረሰኛ የተቀመጠበት የነሐስ ፈረስ የሃንጋሪው ቀራፂ ኢሽትቫን ፈረንጺ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሮም ይዞት ሄደ፤ ሙዚየሙ በ1914 ወሰደው፤ በ1916 የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚው ሲሞን ሜለር የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ሐሳባችሁን ስጡ።

ደጋፊ፦ በእኔ እምነት ይገባል። ሊዮናርዶ ለአንጊያሪ ጦርነት ሥዕል የነደፋቸውን ፈረሶች ያየ ሰው፣ የዚህን ፈረስ የተቆለመመ አንገት፣ የተከፈተ አፍና በታጠፉት የኋላ እግሮች ላይ ያረፈ ክብደት ሲመለከት ዝምድናቸውን ሊክድ አይችልም። ሊዮናርዶ በ1516 ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በ1519 እስኪሞት ድረስ በንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ጥላ ሥር ስለ ኖረ፣ ፈረሰኛው ንጉሡ ራሱ ነው የሚሉትም ከሜዳ ተነስተው አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ስለ ንድፎቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ንጉሡን በተመለከተ ግን በአንድ ቤተ መንግሥት መኖር ማስረጃ አይሆንም። ዋናው ነገር፣ የነሐስ ሥራ በአንድ እጅ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው፦ አንዱ በሰም ይቀርጻል፣ ሰሙ በአፈር ተሸፍኖ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፣ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝም ሌላ ሰው ሊሞርደውና ሊወለውለው ይችላል። ሰሙ ወይም ቅጂው ተጠብቆ ከቆየ፣ ነሐሱ ቀራፂው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊፈስስ ይችላል። የምናወዳድረውስ ከምን ጋር ነው? ያለ ጥርጥር የሊዮናርዶ ነው የሚባል አንድም ሐውልት አልተረፈም። ለሚላኑ ገዢ ለሎዶቪኮ ስፎርዛ የጀመረው ግዙፍ ፈረስ በ1493 በሸክላ ቢታይም፣ የተዘጋጀለት ነሐስ በ1494 ለመድፍ ሄደ፤ ሸክላውንም በ1499 የፈረንሳይ ቀስተኞች ዒላማ አደረጉት። ይህ ጥፋት ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ይሁን እንጂ ሐዘናችን ለሌላ ፈረስ ስም እንድንሰጥ አይፈቅድልንም።

ደጋፊ፦ እህቴ፣ በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የስንቱ የሕዳሴ ዘመን ነሐስ ስም ይተርፋል?

ተቃዋሚ፦ የሚተርፍ አለ። በጀርመን ድሬስደን ያለው የጣሊያናዊው ቀራፂ የፊላሬቴ ትንሽ ፈረሰኛ፣ የሮማውን ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬልዮስን ሐውልት ተከትሎ የተሠራው፣ በመቀመጫው ላይ የሠሪውን ስም፣ በ1465 ለፒዬሮ ዴ ሜዲቺ መበርከቱንም በጽሑፍ ይናገራል። የቡዳፔስቱ ፈረስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ መግለጫው ላይ «በሊዮናርዶ ንድፍ መንፈስ የተሠራ፣ ነሐሱን ያፈሰሰው ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ከእህታችን ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን «መንፈስ» የሚለው ቃል ልል ነው። ሰሙ የእርሱ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ካልተጻፈ፣ ይህ ፈረስ ከሊዮናርዶ ጋር ከሠራው ከሩስቲቺና ከሌሎቹ ቀራፂዎች ሥራ የሚለይበትን ነጥብ ጎብኚው በምን ያውቀዋል?