የፍሰትና የከፍታ ልኬት የጋራ ዕቅድ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ውይይት

ረቂቅ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ደጋግሜ አነበብኩት። ከግማሽ በላዩ የዕቃ ዝርዝር ነው። ይህን ያህል ማግኔቲክ ፍሎው ሜትር (በቧንቧ የሚያልፈውን ፍሰት በማግኔት የሚለካ)፣ ይህን ያህል ራዳር (የውሃውን ከፍታ ከላይ ሆኖ በሬዲዮ ሞገድ የሚለካ) ይላል። አንድ ነገር ከነከነኝ። አሁን የተተከሉት ሜትሮች በትክክል ይለኩ አይለኩ ማን አይቶ ያውቃል? ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሦስት ወር ያሉንን መሣሪያዎች የምናረጋግጥበት ይሁን። ግዢው ከዚያ ይቀጥላል።

ማረጋገጡ ውድ ነገር አይጠይቅም። የፓምፕ ጉድጓዱ፣ ማለትም ፍሳሹ ተጠራቅሞ ፓምፑ የሚገፋበት ጉድጓድ፣ ራሱ መለኪያ ዕቃ ነው። ዲያሜትሩ 2 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ውሰዱ። ስፋቱ 3.14 ካሬ ሜትር ነው። ፓምፑን አጥፉና ውሃው በ60 ሰከንድ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እዩ። 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በሰከንድ 15.7 ሊትር እየገባ ነው። አሁን ፓምፑን አስነሱ። ውሃው በ2 ደቂቃ 50 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ፣ ጉድጓዱ በሰከንድ 13.1 ሊትር እየጎደለ ነው። ሁለቱን ስንደምር ፓምፑ በሰከንድ 28.8 ሊትር ይገፋል ማለት ነው። ሜትሩ 35 የሚል ከሆነ ቆም ብለን ምክንያቱን መፈለግ አለብን።

ከፓምፕ ጣቢያ፦
ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሁለት ነገር ግን ይጨመር። አንደኛ፣ ሙከራው ገቢው ረጋ ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ሦስት ጊዜም ይደገም። ገቢው በሚበዛበት ሰዓት ፍሰቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡ ይበላሻል። ቼክ ቫልቩም አስቀድሞ ይታይ። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃ ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ፣ የተመለሰውን እንደ ገቢ ቆጥረን እንሳሳታለን።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው። ለመለካት ብሎ ማንም ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። ከላይ ሆኖ ምልክት በተደረገበት ዘንግ መለካት ይቻላል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚኖረው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ትንሽ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ይጠፋል። ሰውዬው ጋዙ የጠፋ ይመስለዋል። እባካችሁ ይህ አባሪ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ከመሣሪያ ጥገና፦
እህቴ ያለችው ይጻፍ፣ እኔም በዚህ አልደራደርም።

ስለ አልትራሶኒክ (ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ ከፍታውን የሚለካ ሴንሰር) አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምሠራበት ጣቢያ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የሚታየው የውሃ ከፍታ በ5 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርድ ነበር። ማታ ይመለሳል። ፓምፕ ፈታን፣ ኬብል ቀየርን፣ ምንም የለም። አንድ ቀን ሴንሰሩን በእጄ ስነካው ይፋጃል። ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። ድምፅ በ0 ዲግሪ በሰከንድ 331 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 343 ሜትር ይጓዛል። ሴንሰሩ ይህን የሚያስተካክለው በራሱ ሙቀት ነው። እሱ ሲግል አየሩም የጋለ ይመስለዋል፤ ውሃውን ከትክክለኛው ቦታ አርቆ ያያል። ውሃው 3 ሜትር ታች ሆኖ የሙቀቱ ልዩነት 10 ዲግሪ ከሆነ፣ ስሕተቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። መፍትሔው ከላዩ ጥላ ማድረግ ብቻ ነበር። አዲስ ሴንሰር ልናዝዝ ደርሰን ነበር እኮ።

አረፋ ያለበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። አረፋ ድምፁን ይውጠዋል። እዚያ ራዳር ይሻላል፣ ወይም ከታች የሚጠለቅ የግፊት ሴንሰር። የግፊቱ ከተመረጠ በኬብሉ ውስጥ ያለው የአየር ቱቦ እርጥበት እንዳይገባበት ማድረቂያው በየጊዜው መቀየር አለበት። በየትኛውም ቢሆን ፍሎት ስዊቹ (ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ፓምፑን የሚያስነሳው ማብሪያ) ከቦታው አይነሳ። ሴንሰሩ ሲሞት ፓምፑን የሚያስነሳው እሱ ነው።

ከማጣሪያ ጣቢያ፦
ጉድጓድ ላይ የ5 ሴንቲሜትር ስሕተት ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ዊር (ውሃው በላዩ ሲፈስ ከከፍታው ፍሰቱ የሚሰላበት ግድብ) ላይ ግን አደጋ ነው። 90 ዲግሪ ባለው የቪ ቅርጽ ዊር 10 ሴንቲሜትር ከፍታ በሰከንድ 4.4 ሊትር ነው። 11 ሴንቲሜትር 5.5 ሊትር። በአንዲት ሴንቲሜትር ሩቡን አሳሳትን! ስለዚህ የሴንሰሩ ዜሮ ከቪው የታችኛው ጫፍ ጋር መግጠሙ በየወሩ ይረጋገጥ፣ ከዊሩ ጀርባ የተኛው ደለልም ይጠረግ።

ፓርሻል ፍሉም (መሃሉ ላይ ጉሮሮ የሚባል ጠባብ ቦታ ያለው የፍሰት መለኪያ ቦይ) ያላችሁ ደግሞ ሴንሰሩ የት እንደተሰቀለ ሄዳችሁ እዩ። ቦታው ጉሮሮው ላይ አይደለም። እየጠበበ በሚሄደው ግድግዳ ላይ፣ ከጉሮሮው ወደ ኋላ የግድግዳው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው። ጉሮሮው ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ሪፖርት ሲደረግበት አይቻለሁ።

ከግዢ ኮሚቴ፦
ሁሉም ልክ ነው። ግን ሦስት ወር ሙሉ ምንም ካልገዛን በጀቱ ይመለስብናል። ያኔ ማረጋገጫውም ጥገናውም ይቀራል። በማረጋገጫው ውጤት የማይለወጡ ዕቃዎች የሉም?

ረቂቅ አዘጋጅ፦
አሉ፤ ወንድሜ፣ ጥሩ አስታወስከኝ። የጋዝ መለኪያ፣ የሴንሰር ጥላ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የከፍታ ሰሌዳና የሚሊ አምፔር መለኪያ (ሴንሰሩ ንባቡን የሚልክበትን የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለካ) አሁኑኑ ይገዙ። ማረጋገጫውንም ወደ ስድስት ሳምንት አሳጥሬዋለሁ። ማግኔቲክ ሜትሮቹ ግን ይቆዩ። በረቂቁ ከተዘረዘሩት ውስጥ በራሱ ቁልቁለት በሚፈስ መስመር ላይ የታሰቡ አሉ። እዚያ ቧንቧው ሞልቶ አይሄድም። መደበኛው ማግኔቲክ ሜትር ደግሞ ቧንቧው ሙሉ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው።

ከመሣሪያ ጥገና፦
የሚሊ አምፔሩ ፎርም በእኔ ይሁን። ከዜሮ እስከ 5 ሜትር እንዲለካ በተስተካከለ ሴንሰር 4 ሚሊ አምፔር ዜሮ ሜትር ነው፣ 12 ደግሞ 2.5 ሜትር፣ 20 ሙሉው። ዜሮ ሚሊ አምፔር ከታየ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ሳይሆን ኬብሉ ተበጥሶ ወይም ኃይሉ ተቋርጦ ነው። ይህን ፎርሙ አናት ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ። እስከ ሐሙስ እልካለሁ።

ከፓምፕ ጣቢያ፦
የጉድጓዱን ሙከራ መጀመሪያ እኛ ጋ እንሞክረው። ሁለት ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ፓኔሉ ጋ። የሰዓቱን ቅጽ አዘጋጅቼ እለጥፋለሁ።